የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ፦ የጥንት አልባሳትን አጥንቶ መልሶ ስለ መሥራት

በለንደን ከተማ፣ ደቡብ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር፣ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከሚጠብቃቸው እጅግ ብዙ ቅርሶች መካከል አንድ የጥጥ ቀሚስ አለ። በሐር ክር የተጠለፈ ነው። ይህን ቀሚስ ይለብሱ የነበሩት የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ፣ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የሙዚየሙ መዝገብ ጥሩነሽ እያለ ይጠራቸዋል። የመቅደላን ዘውድና ጽዋ ለማየት ወደዚያ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ቀሚሱን ብሎ የሚሄድ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ቀሚስ፣ እንዲሁም አባቶቻችንና እናቶቻችን ይለብሷቸው የነበሩትን አልባሳት አጥንቶ በእጅ መልሶ ስለ መሥራት የሚናገር ነው። ሥራው ለአንዳንዶቻችን የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ሆኖ ጀመረ፤ እየቆየ ግን ታሪክን የማንበቢያ ሁነኛ መንገድ ሆኖ ተገኘ።

ቀሚሱ ወደ እንግሊዝ አገር የመጣበት ታሪክ ለአብዛኛው አንባቢ የታወቀ ቢሆንም በአጭሩ ማስታወሱ አይከፋም። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን የያዘው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። ከዚያ በኋላ በአምባው ላይ የነበረው የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ተዘረፈ። 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው አወረዱት፤ በደላንታ ሜዳም በሐራጅ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ በዚያ ሐራጅ ላይ ከዋነኞቹ ገዥዎች አንዱ ነበር። እቴጌይቱ ከትንሹ ልጃቸው ከልዑል ዓለማየሁ ጋር፣ ወደ ሰሜን በሚመለሰው ጦር ታጅበው ሲጓዙ፣ በግንቦት ወር በትግራይ ጨለቆት ላይ ታመው ዐረፉ። ልጁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1879 እ.ኤ.አ. ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። ቀሚሱ በ1869 እ.ኤ.አ. የሙዚየሙ ንብረት ተብሎ ተመዘገበ። እናት በጨለቆት፣ ልጅ በዊንዘር፣ ቀሚስ በኬንሲንግተን።

በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር። ከደብራችን ምእመናን ብዙዎቻችን ሄደን አይተናል። ሰው ሁሉ የሚቆመው፣ የሚያለቅሰውም፣ በወርቁ ዘውድ ፊት ነበር፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ዘውድ የሚነግረን ስለ አንድ ንጉሥ ክብርና ስለ አንድ አንጥረኛ እጅ ነው። ቀሚስ ግን ጥጡን ስላበቀለው ገበሬ፣ ስለ ፈተለችው ሴት፣ ስለ ሸመነው ሸማኔ፣ ክሩን ከባሕር ማዶ ስላመጣው ነጋዴ፣ ስለ ጠለፈው ባለሙያ፣ በመጨረሻም ስለ ለበሰችው ሴት ቁመትና አካሄድ ይናገራል። እንዲያውም ከአንድ ሰው ከሚቀሩት ዕቃዎች ሁሉ ወደ ሰውነቱ እጅግ የሚቀርበው ልብሱ ነው።

በምንኖርበት አገር ይህ ዓይነቱ ጥናት የቆየ ልማድ አለው። እንግሊዛዊቷ የልብስ ታሪክ ተመራማሪ ጃኔት አርኖልድ በየሙዚየሙ እየዞሩ ከጥንት የተረፉ አልባሳትን ስፌት በስፌት ለክተው፣ ልካቸውን በካሬ ወረቀት ላይ እየነደፉ አሳትመዋል፤ የመጀመሪያው መጽሐፋቸው የወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡ ብዙ ሰዎች፣ መምህሩም ነርሱም ጡረተኛውም፣ የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘመን ካባ ወይም የአንድ ገበሬ እጀ ጠባብ ሳይቀር በእጃቸው እየሰፉ ይለብሳሉ። በቴምዝ ወንዝ ዳር በ1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ግሎብ ቴአትር ለመድረክ የሚሆኑ ልብሶችን በጥንቱ የእጅ ስፌት ያሠራ ስለነበር የዚህ ትምህርት ቤት ያህል ሆኖ አገልግሏል። ነገሩ ለተመልካች ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን አንድን የጥንት ልብስ እንደ ጥንቱ ለመስፋት የተቀመጠ ሰው በመጽሐፍ የማያገኘውን ጥያቄ ይጠይቃል፦ ክሩ ወደ ቀኝ ነው ወይስ ወደ ግራ የተገመደው? እጅጌው ከትከሻው ጋር በምን ተያያዘ? በብብቱ ሥር ትንሽ ቁራጭ ተጨምሯል ወይ? ሴትዮዋ ልጅ ስታዝል ወይም በበቅሎ ስትቀመጥ ቀሚሱ ምን ይሆን ነበር?

እኛም ይህንን ጥያቄ ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመልሰው መጀመሪያ የሚገጥመን ችግር፣ የእኛ አገር ልብስ እንዳለቀ የሚታደስ፣ እስኪበጣጠስ የሚለበስ፣ በመጨረሻም ሕፃን የሚታቀፍበት መሆኑ ነው። ጥጥ በብል፣ በጢስና በውኃ ያልቃል። ስለዚህ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ የለበስ ልብስ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው ከአገር ውጭ ይገኛል። ሥዕሎችን፣ የተጓዦችን ጽሑፍና የእናቶቻችንን እጅ መጠየቅ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስለ ጥንታዊቱ አክሱም ብናነሣ፣ በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መምሪያ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል በግብፅ የተሠሩ ጨርቆችን ይቈጥራል። ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ላይ ጥጥ ተጠቅሶ ይገኛል። በአክሱም ሳንቲሞች ላይ ነገሥታቱ አንዳንዴ ዘውድ ደፍተው፣ አንዳንዴም ራሳቸውን በጨርቅ አስረው ይታያሉ። ከዚህ ተነሥቶ የአክሱምን ሰው ከራስ እስከ እግሩ አልብሶ ማቅረብ ግን አይቻልም። በየበዓሉ «የንግሥተ ሳባ ልብስ» እየተባለ የሚቀርበውን ደማቅ ቀሚስ ልጆቻችን እንደ ታሪክ እንዳይወስዱት መንገሩ ከወላጅ የሚጠበቅ ይመስለኛል፤ ደስ ይላል፣ ያምራል፣ የሳባ ግን አይደለም።

ወደ መካከለኛው ዘመን ስንመጣ ብርሃኑ ይጨምራል። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጽፏል። ዐፄ ልብነ ድንግል በወርቅ ክር በተሠራ ካባና በሐር ልብስ ተሽሞንሙነው እንደ ተቀበሏቸው ይተርካል። ይህ ግምጃ የሚባለው የከበረ ጨርቅ በአገር ውስጥ አይሠራም ነበር፤ በቀይ ባሕር በኩል ከሕንድ፣ ከግብፅ፣ ከቱርክና ከአውሮፓ ይመጣል። ለቤተ መንግሥት ምን ያህል ክቡር እንደ ነበረ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል፤ የመንግሥቱ ሀብት የሚቀመጥበት ቤት የተጠራው በወርቅ ወይም በብር ሳይሆን በጨርቅ ስም፣ «ግምጃ ቤት» ተብሎ ነው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ግቢ የምትገኘው ግምጃ ቤት ማርያምም ስሟን እስከ ዛሬ ይዛለች።

የዚህ ግምጃ ቅሪት በጣም ባልተጠበቀ ቦታ ይገኛል። የብራና መጻሕፍታችን ሰሌዳ በቆዳ ሲለበጥ፣ ቆዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በሽፋኑ የውስጥ ገጽ መካከል ባዶ አራት ማዕዘን ይቀራል። ጠራዡ ይህንን ቦታ በቁራጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል። አንዳንዱ ቁራጭ የሕንድ አበባማ ጥጥ ነው፤ አንዳንዱ የቱርክ ሐር፤ አንዳንዱ ከአውሮፓ የመጣ ከፈይ። ፀሐይ ስለማይነካው ቀለሙ ትናንት የተነከረ ይመስላል። ምናልባትም አንድ ቀን የአንዲት ወይዘሮ ካባ የነበረው ቁራጭ፣ በመጨረሻ የዳዊት መዝሙር ማልበሻ ሆኖ አርፏል። የጨርቅ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች በእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ሽፋን በዚህ ምክንያት መርምረዋል። ምእመናን በየቤታቸው ያለ የቆየ የብራና መጽሐፍ ቢኖራቸው፣ ከማንበባቸው በፊት የሽፋኑን ውስጥ ቢያዩ አያጡበትም።

ሥዕሎቻችንን ስናነብ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሠዓሊው እመቤታችንን፣ ሐዋርያትንና ቅዱሳንን የሚያለብሳቸው የሥርዓተ ሥዕሉን ልብስ ነው፤ ይህ የጎንደር ሰው ገበያ ሲወጣ የሚለብሰው አይደለም። የዘመኑን ልብስ የምናገኘው ከሥር በኩል፣ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ተደፍቶ በሚታይበት ስፍራ ነው። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት፣ በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሠዓልያን ከውጭ የመጡትን ባለ አበባ ጨርቆች ጥለት በጥለት እየተከተሉ መሣል ወደው ስለነበር፣ ለልብስ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ ደስታ የለም።

ከሥዕል ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው የጎንደር መጋረጃ ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ሙሉ በሙሉ ከሐር ክር፣ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች እየተዞረ የተሸመነ ነው። የዚሁ ሥራ አካል እንደ ሆነ የሚታመን ሌላ ክፍል በካናዳ፣ በቶሮንቶ ሮያል ኦንታርዮ ሙዚየም ይገኛል። በመጋረጃው ላይ የቤተ መንግሥት ሰዎች፣ ጠመንጃና ጋሻ የያዙ አጃቢዎች በሙሉ ልብሳቸው ይታያሉ። ሐሩ ከሩቅ ምሥራቅ መጥቷል፤ እጁ ግን የጎንደር እጅ ነው። «ሐበሻ ነጭ ጥጥ እንጂ ሌላ አያውቅም» የሚል ሰው ይህን መጋረጃ ይመልከት።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ሁሉ ነገር ቀላል የሆነ ሊመስል ይችላል። አልሆነም። ልዑል ዓለማየሁ በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር እንደ ደረሰ፣ ዝነኛዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዋይት ደሴት አንሥታዋለች፤ ሻምበል ስፒዲም ከእርሱ ጋር የሐበሻ ልብስ ለብሶ ተነሥቷል። ሥዕሎቹ ልብ ይነካሉ፤ የልጁ ዐይን ብቻውን ብዙ ይናገራል። ነገር ግን ልብሱን ያለበሰው ማን ነው? ሸማውን በትከሻው ላይ ያስቀመጠው፣ ጌጡን በአንገቱ ያሰረው፣ የስቱዲዮው ፍላጎት ነው ወይስ የአገሩ ሥርዓት? ሸማ ስፌት የሌለው ልብስ ስለሆነ፣ አለባበሱን የማያውቅ ሰው በደቂቃ ውስጥ ትርጉሙን ያጠፋዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ላይ ጨርቁን እናምናለን፤ አጣጣሉን ግን እንጠራጠራለን። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የሠራው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ያነሣቸው ሥዕሎች በዚህ ረገድ የተሻለ እምነት ይጣልባቸዋል፤ ተነሺዎቹ በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ አለባበሳቸው ናቸውና።

አጣጣል ስል፣ ይህ ነገር በአልባሳት ታሪካችን ውስጥ ግማሹን መንገድ ይሸፍናል። አንዱ ሸማ እንደ ሁኔታው አሥር ዓይነት ልብስ ይሆናል። በታላቅ ሰው ፊት የቀረበ አሽከር ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ይታጠቀዋል፤ ማደግደግ የምንለው ይህ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ መስቀለኛ እናጣፋለን። በኀዘን ጊዜ ጥለቱ ያለበት ጫፍ ወደ ፊት፣ ወደ ላይ ይወጣል። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመሳፍንትና የመኳንንት ምልክት ነበርና ማንም ተነሥቶ የሚለብሰው አልነበረም። የጥንት ልብስ መልሶ የሚሠራ ሰው ጃኖውን አሳምሮ ቢያሸምን፣ አጣጣሉን ካላወቀ የሠራው ልብስ ሳይሆን አልጋ ልብስ ነው።

ለምድም እንዲሁ ነው። መነሻው የበግ ወይም የአውሬ ቆዳ ነው፤ የጀግና ለምድ የአንበሳ ጎፈር ያለበት ነበር። በኋላ ዘመን በከፈይ ላይ የወርቅና የብር ክር እየተጠለፈበት የቤተ መንግሥት ክብር ልብስ ሆነ። ጫፎቹ ወደ ታች ተሰነጣጥቀው የሚንጠለጠሉት የጥንቱን ቆዳ እግሮች የሚያስታውሱ ናቸው የሚል አስተያየት አለ፤ ቆዳውንና ከፈዩን ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ደበሎ አለ። የቆሎ ተማሪ በደበሎ ተጠቅልሎ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የተማረው ትምህርት ነው ዛሬ በዚህ በባዕድ አገር ቅዳሴ የሚያስቀድሰን። የኛ ወጣቶች የቤተ መንግሥት ካባ ለመሥራት ይቸኩላሉ፤ እኔ ግን ደበሎ አንድ ጊዜ በትክክል ተሠርቶ ባይ፣ ከአሥር የወርቅ ካባ ይልቅ ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ መነገር አለበት። ልብሰ ተክህኖ የዚህ ሥራ አካል አይደለም። የካህናት ልብስ ለአገልግሎት የተለየ ነውና ለመሞከር፣ ለመድረክ ወይም ለፎቶግራፍ ተብሎ አይሰፋም። ሥዕሉን ማጥናት፣ የጨርቁን ምንጭ መመርመር ይቻላል፤ ለሥራው ግን ካህናትን መጠየቅና መፈቀድ ይገባል።

አሁን ወደ ቀሚሱ እንመለስ። በደብራችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡ እናቶችና ወጣቶች የዚያን ዘመን ቀሚስ ለመሥራት ሲነሡ፣ ዘመናዊውን የሐበሻ ቀሚስ መነሻ አድርገን እንጀምር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይህ የትም አያደርስም። ዛሬ የምንለብሰው፣ ወገቡ የተለካ፣ በማሽን የተጠለፈ፣ በሚያብረቀርቅ የፋብሪካ ክር ያጌጠው ቀሚስ በአብዛኛው የሃያኛው መቶ ዓመት ልጅ ነው። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የወይዘሮ ቀሚስ እጅግ ሰፊ ነበር፤ በመቀነት ይያዛል፤ እጅጌው ወደ አንጓው ሲደርስ ይጠባል፤ ጥልፉ በአንገት፣ በደረትና በእጅጌው ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። ስፋቱ ድህነት ሳይሆን ክብር ነው፤ ብዙ ፈትል የሚጨርስ ልብስ የብዙ እጅ ጌታ መሆንን ያሳያል።

ፈትሉ ራሱ የሥራው ትልቁ ክፍል ሆነ። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ በድንጋይ ላይ የብረት ዘንግ እየተንከባለለ ፍሬው ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ክሩም ልቃቂት ሆኖ ይጠራቀማል። ድሩ ጠንከር ብሎ፣ ማጉ ለስለስ ብሎ መፈተል አለበት፤ ድርና ማግን አንድ ዓይነት አድርጎ የፈተለ ሰው ሸማኔ ፊት አይቆምም። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናታችን እንዝርቱን በጭናቸው ላይ ሲያሾሩት፣ እዚህ ተወልዳ ያደገች አንዲት ወጣት በስልኳ እየቀረጸች «እማማ፣ ቀስ ይበሉልኝ፣ አልታየኝም» ትላቸዋለች። እርሳቸውም «ልጄ፣ በዐይን አይደለም እኮ፣ በጣት ነው፤ እጅሽን አምጪ» ብለው እጇን በእጃቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ተቀመጠ። ከመስከረም እስከ ፋሲካ ተፈትሎ የተገኘው ክር ለአንድ ቀሚስ አልበቃም፤ የቀረውን ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ በእጅ የተፈተለ አስመጥተን ሞላን። አንዲት እቴጌ ስንት ሴቶች ሲፈትሉላት እንደ ነበር የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

መፈተል ለወይዘሮም ነውር አልነበረም። መሸመን ግን ሌላ ነበር። ሸማኔው እግሮቹን በጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየላከ አገሩን በሙሉ ያለብስ ነበር፤ ያለበሰው አገር ግን ይንቀው ነበር። በጎንደርና በአካባቢው ብዙዎቹ ሸማኔዎች እስላሞችና ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ ርስት ከማረስ የተገለሉ ሰዎች በእጃቸው ጥበብ ይተዳደሩ ነበርና። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ወዲህ ደግሞ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች የከተማውን ልብስ ያዙ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን ሁሉ በሙያው መስደብ እንዳይቻል በዐዋጅ ከለከሉ፤ ዐዋጅ ማውጣት ያስፈለገው ስድቡ የተለመደ ስለነበር ነው። በየበዓሉ ነጭ ለብሰን በምንቆምበት ጊዜ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው፦ ወደ ቅዳሴ ለብሰነው የምንገባው ነጠላ ብዙ ጊዜ ከእኛ ጋር በአንድ ማዕድ ያልተቀመጡ ሰዎች ሥራ ነበር። የልብስ ታሪክ ሲጻፍ የለባሹ ስም ይጻፋል፤ የሠሪው ስም አይጻፍም። በእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ላይም የሆነው ይኸው ነው።

ጥለቱም የራሱ ጉዞ አለው። በአገር ውስጥ የማይገኝ ቀለም ሲፈለግ፣ ከውጭ የመጣ ባለ ቀለም ጨርቅ ተገዝቶ ይተረተርና ክሩ እንደ ገና በጥለት ውስጥ ይገባ ነበር። አንድ የሕንድ ሸማኔ የሸመነውን ሌላው ፈትቶ ለራሱ ጥበብ ያውለዋል። በትርፍ ጊዜው ይህን ሞክሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ምሽቱን ሙሉ አንድ ክንድ ጨርቅ ሲተረትር ያድራል፤ የጥንቱ ሰው ስለ ቀይ ቀለም ምን ያህል ይከፍል እንደ ነበር ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አያስረዳውም።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሥራ ሲያዩ ደስ ይላቸውና «እንግዲህ ቅጂው በእጃችን ከሆነ ዋናውን ለምን እንጨቃጨቅበታለን?» ይላሉ። ይህን አባባል አልቀበለውም። ቅጂ የሚያስተምረው አሠራሩን ነው፤ ባለቤትነትን አይመልስም። ሙዚየሙ በ2018 እ.ኤ.አ. ቅርሶቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ለመስጠት ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የገዛ ንብረትን መዋስ ግን እንግዳ ነገር ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙት 11 ታቦታት ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ቅጂም ውሰትም የሚባል ነገር ጨርሶ አይነሣም። በ2019 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ጦር ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጉንጉን ጸጉር ሲመልስ እንደ ታየው፣ የመመለስ በር ዝግ አይደለም። ክርክሩን የሚከራከሩ አሉ፤ ይከራከሩ። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ሌላ የሚጠፋ ነገር አለ፤ እርሱም በየትኛውም ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ስለሌለ ማንም ሊመልሰው አይችልም። የዚያች እናት ጣት የሚያውቀውን ማለቴ ነው። በገበያው ላይ በፋብሪካ ታትሞ የሚመጣው፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥበብ የሚመስለው ርካሽ ቀሚስ በበዛ ቁጥር የሸማኔው ልጅ የአባቱን ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል።

ቀሚሱ በዚህ የደብራችን በዓል ላይ በአዳራሹ ይታያል። ማሽን ያልነካው፣ ስፌቱ ሁሉ በእጅ የሆነ፣ ጥልፉ በሐር ክር የተሠራ ነው። ከአጠገቡም በጎንደር ሥዕል መሠረት የተሠራ እጀ ጠባብ፣ አንድ ጥቁር በርኖስና አራት ድርብ ጋቢ ይቀመጣሉ። ጋቢው የቆየ አይደለም፤ ነገር ግን ልጆች እጃቸውን ሰደው የሚነኩት አንድ ነገር እንዲኖር ተብሎ ነው።

በየቤታችሁ ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ልብስ ያላችሁ ምእመናን፣ በማሽን አትጠቡት፤ በሽቦም አትስቀሉት፤ ክብደቱ ትከሻውን ይቀደዋልና። በነጭ ያልተነከረ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ እጥፋቱን በየጊዜው እየለወጣችሁ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ አጋድሙት። የማን እንደ ነበር፣ ማን እንደ ፈተለው፣ ማን እንደ ሸመነው፣ የት አገርና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተለበሰ፣ የሚያውቁት ሳያልፉ ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉና ከልብሱ ጋር አኑሩት። ለመለካትና ፎቶግራፍ ለማንሣት የምትፈቅዱ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ብታመጡት፣ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ተለክቶ በዚያው ሰዓት ይመለስላችኋል።